የግሪኳ ባሪያ ፊት ለፊት ማን ቆሞ ነበር?

ለንደን የሚኖር አንድ ወዳጄ አሮጌ ካሜራና የካሜራ ዕቃ ይሰበስባል። ባለፈው ቤቱ ስሄድ ስቴሪዮስኮፕ አቀበለኝ። ሁለት መነጽር የተገጠመላት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ናት። ውስጧ ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት ፎቶዎች ይገባሉ። ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። ግን አንዱ ለግራ ዓይን፣ አንዱ ለቀኝ ዓይን ተብሎ ትንሽ ፈቀቅ ተብሎ የተነሳ ነው። "ዓይንህን አስጠጋና ትንሽ ታገስ" አለኝ። ታገስኩ። ሁለቱ ፎቶዎች ድንገት ገጠሙ። ከጠፍጣፋው ካርድ ውስጥ አንዲት ሴት ወጥታ ቆመች።

የእብነ በረድ ሐውልት ናት። ራቁቷን ቆማለች፤ ፊቷን ወደ ጎን መልሳለች። ቀኝ እጇ በጨርቅ የተሸፈነ አጭር ምሰሶ ተደግፏል። ከአንዱ አንጓዋ ወደ ሌላው ሰንሰለት ተዘርግቷል። ጨርቁ ላይ ትንሽ መስቀል አለ። ካርዱ ከጊዜ በኋላ የታተመ ኮፒ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የሰንሰለቱ ቀለበቶች አንድ በአንድ ይለያሉ። ጣቴን ብሰድ የምነካት መሰለኝ።

አሜሪካዊው ቀራፂ ሂራም ፓወርስ ፍሎረንስ ተቀምጦ የሠራት "የግሪኳ ባሪያ" ናት። ግሪኮች ለነጻነታቸው ሲዋጉ በቱርኮች ተማርካ ለገበያ የቀረበች ክርስቲያን ልጅ ተደርጋ ነው የተቀረጸችው። በ1851 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተከፈተው ታላቁ ኤግዚቢሽን የእሷን ያህል ሰው የከበበው ሐውልት ጥቂት ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኤግዚቢሽኑ በቆየበት አምስት ወር ተኩል 6 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ ገብቶበታል።

ሳጥኗን ከዓይኔ አወረድኩና "ሰዉ የታለ?" አልኩት።

"ሰው ይንቀሳቀሳላ! የሚንቀሳቀስ አይያዝም" አለኝ።

ለእሱ ተራ የቴክኒክ መልስ ነው። እኔን ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ከዚያም በኋላ አለቀቀኝም።

## ነጭና ዝምተኛ

የመጀመሪያዎቹ ፎቶ አንሺዎች ሐውልት ይወዱ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሐውልት አይተነፍስም፤ ዓይኑን አያርገበግብም፤ "ደከመኝ" አይልም። ነጭ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑን መልሶ ለካሜራው ይሰጣል። ወረቀት ላይ ፎቶ የማውጣትን ዘዴ ያመጣው እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1840ዎቹ የጥንት ግሪኮች ተረት ጀግና የሆነውን የፓትሮክለስን ሐውልት፣ ከደረት በላይ ያለውን፣ ደጋግሞ አንስቷል። ለሌሎችም ምክር ጽፏል። ሐውልቱን ትንሽ ዞር ባደረጉት ቁጥር አዲስ ምስል ይገኛል። ኃይለኛ ፀሐይ ጥላውን ያከብደዋልና ደመናማ ቀን ይሻላል። ዛሬ ሠርግ የሚያነሳ ማንኛውም ባለሙያ በዚህ ይስማማል።

የሃይድ ፓርኩ አዳራሽ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር። ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው ክሪስታል ፓላስ ግድግዳውም ጣሪያውም መስታወት ነው። ፀሐይ እንዳይበረታ ጣሪያው ላይ ሸራ ተዘርግቶበታል። ብርሃኑ ለስላሳ ሆኖ ከየአቅጣጫው ይገባል። የሚገርመው የኤግዚቢሽኑ አዘጋጆች ፎቶግራፍን የመደቡት ከሳይንስ መሣሪያዎች ጋር ነው። ሐውልት ግን የሥነ ጥበብ ምድብ ውስጥ ገባ። ካሜራ ዕቃ፣ ሐውልት ጥበብ ማለት ነው። ሆኖም ያ ዕቃ ባይኖር የዚያን አዳራሽ ገጽታ ዛሬ የምናውቀው በቀለም ቅብና በእንጨት ላይ በተቀረጹ የጋዜጣ ሥዕሎች ብቻ ነበር።

ከሁሉ የተደከመበት ሥራ የቀረቡትን ዕቃዎች የመዘኑት የኤግዚቢሽኑ ዳኞች ሪፖርት ነው። ከ150 በላይ እውነተኛ ፎቶዎች እየተለጠፉበት ወደ 130 በሚጠጉ ቅጂዎች ተዘጋጀ። ያ ማለት በእጅ የታተመ ወደ 20,000 የሚጠጋ ፎቶ ነው። ያነሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። የብሪስቶሉ ሂዩ ኦወን በወረቀት ኔጌቲቭ ይሠራ ነበር። ፈረንሳዊው ክሎድ ማሪ ፌሪየ ደግሞ መስታወት ላይ የእንቁላል ነጩን ቀብቶ፣ አድርቆ፣ በብር ውህድ ብርሃን እንዲቀበል አድርጎ ያነሳል። እንቁላሉ መስታወቱ ላይ ወለል ብሎ ስለሚደርቅ ጥራቱ ያስደንቃል። ዋጋው ግን ጊዜ ነው። ብርሃኑን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ካሜራው አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ በፊቱ ያለፈ ሰው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። ቢበዛ ቆም ያለ ሰው እንደ ጭጋግ ቢጤ ይታያል። የቀራፂው አውግስት ኪስ ሐውልት ግን፣ ነብር የገጠማት አማዞናዊት (በግሪክ ተረት ያለች ሴት ተዋጊ)፣ ከነፈረሷ ጥርት ብላ ቀርታለች።

ቀለምን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የዚያ ዘመን የፎቶ ኬሚካል የሚያየው ሰማያዊውን ብርሃን ነው፤ ለቀይ ዕውር ነበር። ቀይ ነገር ጥቁር ሆኖ ይወጣል። "የግሪኳ ባሪያ" ደግሞ የቆመችው በቀይ መጋረጃ ድንኳን ውስጥ ነው። ዓይን ያየው ቀይ፣ ካሜራው ዘንድ ጨለማ ሆነ። እሷም ከጨለማው ውስጥ ይበልጥ ነጥታ ወጣች። በ1862ቱ የለንደን ኤግዚቢሽን ደግሞ ቀራፂው ጆን ጊብሰን የጥንት ግሪኮች ሐውልታቸውን ይቀቡ ነበር ብሎ እብነ በረድ ቬነስን ቀለም ቀብቶ አቀረበ። ከንፈሯን፣ ጸጉሯን፣ ዓይኗን፣ ገላዋንም በስሱ። ሕዝቡ ተከራከረበት። ፎቶው ላይ ግን ክርክሩ የለም። ቀለሙ ጠፍቶ እንደ ማንኛውም ሐውልት ግራጫና ነጭ ሆና ነው የምናያት።

በዚያው በ1851 ኤግዚቢሽን የፈረንሳዊው ሻርል ኮርዲዬ የነሐስ ሥራም ቀርቦ ነበር። ሰኢድ አብደላ የተባለ ከዳርፉር የመጣ ሰው ምስል ነው። ክቡር ፊት ነው ያለው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ገዝታዋለች። ነሐስ ግን ቡናማ ነው። ያ ኬሚካል ደግሞ ቡናማውን ያጨልመዋል፤ እንደ እብነ በረዱ አያቀልለትም። ይህን ሳስብ የወዳጄ መልስ ከበደኝ። በዚያ አዳራሽ ወረቀት ላይ ለመቅረት ነጭ መሆንና ዝም ማለት ይጠቅም ነበር ማለት ነው።

## የዚያን ቅዳሜ

ጁን 21 ቀን 1851 ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ መግቢያው ስለሚወደድ የሚመጣው ደህና ደህናው ሰው ነው። ከገቡት መካከል ዊሊያም ዌልስ ብራውን፣ ዊሊያም ክራፍትና ሚስቱ ኤለን ክራፍት ነበሩ። ሦስቱም ከአሜሪካ ባርነት ያመለጡ ናቸው። ሦስቱም በዚያ ዕለት በሀገራቸው ሕግ የሌላ ሰው ንብረት ነበሩ። በ1850 የወጣው ሕግ ያመለጠ ባሪያን ነጻ በተባሉት ግዛቶች ውስጥ እንኳ አሳድዶ መመለስን ይፈቅዳል። ክራፍቶች ቦስተን ድረስ አሳዳጅ መጥቶባቸው ነው ባሕር የተሻገሩት።

ከነጭ እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገቡ። ሆን ብለው ነው። ጥቁርና ነጭ እንዲህ ተያይዞ መሄድ ለአሜሪካውያኑ ጎብኚዎች ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ለብዙ ሰዓታት አዳራሹን ዞሩት። ወደ አሜሪካ ክፍልም ሄዱ። እዚያ "የግሪኳ ባሪያ" በሚሽከረከር መቆሚያዋ ላይ አለች።

ብራውን በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል። ፓንች የተባለው መጽሔት በዚያው ሰሞን ያወጣው የጆን ቴኒየል ካርቱን ነው። ርዕሱ "የቨርጂኒያ ባሪያ" ይላል። ቴኒየል የፓወርስን ሐውልት አቋቋም ወስዶ በነጯ ልጅ ፈንታ ጥቁር ሴት አቁሟል። እጇ ታስሯል። ምሰሶው የአሜሪካን ባንዲራ ለብሷል። ከሥሯ ያለው መቆሚያ በሰንሰለትና በአለንጋ ያጌጠ ነው።

ብራውን ወረቀቱን በሐውልቱ ዙሪያ ካለው አጥር ውስጥ አስገብቶ አጠገቧ አስቀመጠው። የቆሙት እንዲሰሙትም ጮክ ብሎ ተናገረ። እኔ ከአሜሪካ ባርነት ያመለጥኩ ሰው ነኝ፤ ይህችን የቨርጂኒያ ባሪያ ከግሪኳ ባሪያ ጎን አኖራታለሁ፤ የምትገባት ጓደኛዋ እሷ ናትና፣ ማለቱ ነው።

ማንም አልመለሰለትም። ክርክር ቢነሳ ሊከራከሩ ተዘጋጅተው ነበር የመጡት። አሜሪካውያኑ ግን ዝም አይነቅዝም አሉ።  ቡድኑ ጥቂት እርምጃ እንደሄደ ወረቀቱ ተነሳ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ከጓደኞቻቸው አንዱ የነበረው ዊሊያም ፋርመር በቀናት ውስጥ ለአሜሪካዊው የባርነት ተቃዋሚ ለዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን በጻፈው ደብዳቤ ነው። ጋሪሰን ጋዜጣው ላይ አወጣው። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ። ፋርመር ባይጽፍ ኖሮ ያ ቅዳሜ ከብዙዎቹ ቅዳሜዎች አንዱ ሆኖ ያልፍ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ቆሜ የቀረሁት። ካሜራ በዚያች ሰዓት ሐውልቷ ፊት ተተክሎ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ክዳኑ ተነስቷል፤ መስታወቱ ብርሃን እየጠጣ ነው። ብራውን ጎንበስ ይላል፤ ወረቀቱን ያኖራል፤ ይናገራል፤ ቀና ይላል፤ ይሄዳል። ሌላ እጅ መጥቶ ወረቀቱን ያነሳል። ፎቶው ሲታጠብ ምን ይወጣል? ሐውልቷ ብቻ! ምናልባት ከእግሯ ሥር ትንሽ የደበዘዘ ነገር፣ ያኛው ሰው የቆመበትም ላይ ጭጋግ። አንሺውም "ተበላሸ" ብሎ ይጥለው ነበር። ሐውልት ለማንሳት ነዋ የመጣው።

ይህ የማንም ክፋት አይደለም። ፌሪየም ኦወንም ሰው ለመደበቅ አልተነሱም። ኬሚካሉ በዚያ ዘመን የደረሰበት እስከዚያ ነው። እኔን የሚያብሰለስለኝ ግን ሌላ ነው። ኬሚካሉና ሕዝቡ አንድ ዓይነት ምርጫ መረጡ። ሁለቱም ያዩት የማትንቀሳቀሰውን፣ የማትናገረውን፣ ነጯን ባሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው እየከፈለ አይቷታል። ፊቷ ቆመው ያለቀሱ አሉ፤ ግጥም የጻፉላት አሉ። የሰው ገበያ ሞቅ ብሎ በሚውልባት በኒው ኦርሊንስ ሳይቀር ቀርባለች። እዚያ ከተማ አንድ ሰው ጠዋት ለእብነ በረዷ አዝኖ፣ ከሰዓት በኋላ ጨረታ ላይ እጁን ሊያወጣ ይችል ነበር።

## ኤለን

ስለ ኤለን ክራፍት ባሰብኩ ቁጥር ደግሞ ነገሩ ይብስብኛል።

ኤለን የተወለደችው ጆርጂያ ነው። አባቷ የእናቷ ጌታ ነው። መልኳ እጅግ የቀላ ስለነበር የማያውቃት ሰው ነጭ ናት ይላል። በ1848 ዲሴምበር ወር እሷና ባሏ ያመለጡት በዚሁ መልኳ ነው። ጸጉሯን ተቆርጣ፣ ሱሪና ኮት ለብሳ፣ ረጅም ኮፍያ አድርጋ የታመመ ነጭ ወጣት ጌታ ሆነች። ዊሊያም አገልጋይዋ ሆነ። ማንበብና መጻፍ አትችልም። ስለዚህ ሆቴል ፈርሚ እንዳትባል ቀኝ እጇን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ጺም እንደሌላት እንዳይታወቅ አገጯን በፋሻ ጠቀለለች። ዓይኗን በአረንጓዴ መነጽር ጋረደች። በባቡርና በመርከብ፣ በነጮች መቀመጫ ተቀምጣ፣ ጆርጂያ ካለችው ከሜከን ከተማ ተነስተው በገና ዕለት ጠዋት ፊላደልፊያ ገቡ።

አሁን እንግዲህ ያንን ቅዳሜ በድጋሚ እዩት። ሕዝቡ የሚያዝንላት ሐውልት በባርነት የተያዘች ነጭ ሴት ናት። ያቺ ሴት ድንጋይ ናት፤ ታሪኳም የሩቅ ሀገር ነው። ከሐውልቷ ፊት ደግሞ ነጭ የምትመስል፣ እውነተኛ ሰንሰለት ውስጥ የተወለደች፣ በእግሯ ቆማ የምትሄድ ሴት አለች። ያ ሁሉ የተለቀሰለት ነገር ሥጋና ደም ሆኖ ክንድ ሙሉ ርቀት ላይ ቆሟል። አንድም ካሜራ አልዞረላትም። ኬሚካሉ እንኳ በመልኳ ሊያማርር አይችልም ነበር። የጎደላት ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው።

ኤለን ግን ካሜራን ታውቀዋለች። ቦስተን ሳለች ያንኑ የወንድ ልብሷን ለብሳ ዳጌሮታይፕ፣ በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሚወጣ የዚያ ዘመን ፎቶ፣ ተነስታ ነበር። ከእሱ ላይ የተቀረጸው ምስል በዚያው በ1851 በለንደን ጋዜጣ ታተመ፤ ለብቻውም ይሸጥ ነበር። ምስሉ ላይ ረጅም ኮፍያዋ አለ፤ እጇን ያንጠለጠለችበት ነጭ ጨርቅ አለ። አገጯን የጠቀለለችበት ፋሻ ግን የለም። ባሏ በ1860 ባወጣው መጽሐፍ ምክንያቱን ነግሮናል። ፋሻው ካለ ፊቷ በደንብ ሊወጣ ስለማይችል ነው የተተወው። ጉዞውን ያዳነውን ፋሻ አውልቃ ለካሜራው ፊቷን ሰጠች። እዚያ ላይ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እንዴት እንደምትታይ ግን ራሷ ወስናለች።

የእኛን ልጅ ያስታወሰኝ ይህ ነው። ልዑል ዓለማየሁ በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ እንደደረሰ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አንስታዋለች። ሰባት ዓመቱ ነበር። የእሷ ካሜራ ተቀማጩን ብዙ የሚያስጠብቅ ነው፤ ልጁ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። ከእነዚህ ፎቶዎች ለንደን ያለው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ። የመቅደላ ዕቃም እዚያ አለ። ሙዚየሙ ያለበት አካባቢ ራሱ በ1851ዱ ኤግዚቢሽን ትርፍ የተገዛ መሬት ነው። ፎቶው ውስጥ ያለው የልጁ ሐዘን በጣም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ዝም ብሎ ተቀምጧላ። ኤለን ለካሜራው የለበሰችውን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ዓለማየሁ ግን ያን ወንበር አልመረጠም። ይህን ልዩነት ፎቶውን በማየት ብቻ ማወቅ አይቻልም።

## ከፎቶው በታች ያለች መስመር

ፓወርስ ራሱ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ሐውልቷን እንደገና ሲሠራ አንድ ነገር ቀይሯል። ያንን እንደ ጌጥ የተንዠረገገ ሰንሰለት ትቶ ቀጥ ያለ የብረት እግረ ሙቅ የመሰለ እስር እጇ ላይ አደረገ። ያ ሐውልት ብሩክሊን ሙዚየም አለ። እኔ ይህን ለውጥ አከብራለሁ። የሀገሩ ባርነት በመጨረሻ የሐውልቱ እጅ ላይ ደረሰ። ለዚያ ግን ስንት ዓመትና ስንት ሬሳ አለፈ።

ክራፍቶችም ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጆርጂያ ተመለሱ። ነጻ ለወጡት ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ብራውን በ1854 ወዳጆቹ ነጻነቱን ገዝተውለት ሀገሩ ገብቷል። በሕይወታቸው ብዙ ሠርተዋል፤ ያቺ ቅዳሜ አንዷ ቀናቸው ብቻ ናት። እኔን ግን ያቺ ቀን ይዛኛለች። ከዚያ ወዲህ የ1851ን የአዳራሽ ፎቶዎች ሳይ መጀመሪያ የማየው ወለሉን ነው። ሐውልት ከቆመበት እግር ሥር፣ በዕቃዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ። አንዳንዱ ላይ ደብዘዝ ያለ ነገር አለ። ሰው ይሁን የኬሚካል እድፍ መለየት ያስቸግራል፤ ቢሆንም ዓይኔ እዚያ ይቆያል።

የሐውልቷ ፎቶ በሙዚየምም በመጽሐፍም በወጣ ቁጥር ከሥሩ የሚጻፈው ይታወቃል። የቀራፂው ስም፣ ዓመቱ፣ እብነ በረድ መሆኗ። ወዳጄን ካርዱን የምታስቀምጥበት ፖስታ ጀርባ ላይ አንድ መስመር ጨምርበት ብዬዋለሁ፤ እሺ ብሎኛል። ሙዚየሞቹም ቢጨምሩት ደስ ይለኛል። እንዲህ የሚል፦ ጁን 21 ቀን 1851 ዊሊያም ዌልስ ብራውን፣ ዊሊያም ክራፍትና ኤለን ክራፍት እዚህ ሐውልት ፊት ቆመዋል።